ወንድሜ ያልተረጎመልኝ

ባለፈው ወር መኝታ ክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ፍልስፍና የሚያጠናው ጓደኛችን ከላይኛው አልጋ ላይ እንደ ተጋደመ፣ «ቪዲዮ ጌም ጊዜ መግደያ ነው፤ ሲያልቅ ምንም አይተውልህም» ብሎ ፈረደ። ሌላው «ኳስ ማየቱስ?» አለው። ሦስተኛው ሣቀ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የምለው ጠፍቶኝ ሳይሆን በዝቶብኝ ነው። እነሆ በዚያ ሌሊት ያልሰጠሁትን መልስ ዛሬ በወረቀት አቀርባለሁ። አንባቢ ሆይ፣ «ስለ ጌም ይህን ያህል መጻፍ ምን የሚሉት ነው?» ሳትል ጥቂት ታገሠኝ።

ጌሙ «አንቻርትድ 4» ይባላል። ንዑስ ርዕሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የሌባ ፍጻሜ» እንደ ማለት ነው። ኖቲ ዶግ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ለፕሌይስቴሽን 4 ወጣ። ከእሱ በፊት በ2007፣ በ2009 እና በ2011 የወጡ ሦስት ታላላቆች አሉት። የአራቱም ባለታሪክ ኔተን ድሬክ ነው፤ የጠፋ ከተማና የተደበቀ ሀብት ሲያሳድድ ዕድሜውን የፈጀ፣ ከገደል ወደ ገደል የሚንጠለጠል፣ ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ እንኳ ቀልድ የማያልቅበት ሰው።

እኔ ያወቅሁት በ2010 ዓ.ም. ክረምት ነው። ታላቅ ወንድሜ ያን ጊዜ በሰፈራችን አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ቤቱ የምታውቁት ዓይነት ነው፤ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ አራት ቴሌቪዥን፣ ስፖንጁ ያፈጠጠ አግዳሚ ወንበር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፊፋና ጩኸት። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። በእንዲህ ያለ ቤት ታሪክ ያለው ጌም ገንዘቡን አውጥቶ ማን ይጫወታል? ስለዚህ ይህ ዲስክ መደርደሪያው ጥግ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ፣ ወንድሜ በሩን ከውስጥ ይቀረቅርና «ማሙሽ፣ በል ና፤ አሁን የእኛ ተራ ነው» ይለኛል።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ገና መውሰዴ ነበር። እንግሊዝኛዬ ለፈተና እንጂ ለወሬ አይሆንም፤ ከቴሌቪዥኑ ግርጌ የሚጻፈውን ንግግር ግማሹን ሳላነብ ያልፈኛል። ወንድሜ ግን ፊልም በማየት ብዛት ቋንቋውን ለምዶታል። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን፤ መውጣትና መንጠላጠሉ የእኔ፣ ተኩሱና ትርጉሙ የእሱ። ጆይስቲኩን እየተቀባበልን ስኮትላንድ ውስጥ በበረዶ የተሸፈነ የመቃብር ቦታ ፈተሽን። ማዳጋስካር ላይ መኪናችን ጭቃ ሲይዛት፣ የፊቷን ገመድ ከዛፍ ግንድ ጋር አስረን እየጎተትን አወጣናት። በየጥጉ የተደበቁ 109 ጥቃቅን ቅርሶች አሉ፤ ለታሪኩ አንዳች አይጨምሩም፣ ብቻ ይለቀማሉ። ወንድሜ አንዷንም ማለፍ አይወድም ነበር። «ቆይ፣ ያን ጥግ አላየነውም» ማለት ልማዱ ነበር።

የሚፈለገው ሀብት የሄንሪ ኤቨሪ ነው። ዛሬ የታሪክ ተማሪ ሆኜ ሳየው ነገሩ ከእኛ ደጅ የራቀ አይደለም። ኤቨሪ በእውነት የነበረ እንግሊዛዊ የባሕር ወንበዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1695 ከግብረ አበሮቹ ጋር በባብ ኤል መንደብ፣ በዚሁ በቀይ ባሕር በር ላይ አድፍጦ፣ ከመካ ወደ ሕንድ የሚመለሱ መርከቦችን ይጠብቅ ነበር። በመጨረሻም ጋንጅ ኢ ሳዋይ የተባለችውን የሞጉሉን ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብን ትልቅ መርከብ ዘረፈ፤ በውስጧ በነበሩት ምእመናን ላይም ብዙ ግፍ ተፈጸመ። የእንግሊዝ መንግሥት 500 ፓውንድ ወሮታ አወጣበት፤ በኋላ ወሮታው 1,000 ደረሰ። አልተያዘም፤ የት እንደ ገባም አልታወቀ። ጌሙ ይህን ባዶ ቦታ አግኝቶ ሌላ ወሬ ሰካበት። በ1728 የታተመ አንድ የወንበዴዎች ታሪክ መጽሐፍ፣ ማዳጋስካር ውስጥ ሊበርታሊያ የምትባል፣ ንጉሥ የሌለባትና ሀብት የጋራ የሆነባት የወንበዴዎች አገር ነበረች ይላል። የታሪክ ሊቃውንት አብዛኞቹ ልብ ወለድ ነው ይሏታል። በጌሙ ውስጥ ግን ኤቨሪና ቶማስ ቲው የተባለው ሌላ ወንበዴ መሥርተዋት እናገኛለን።

አገሪቱ ምን ሆነች? ይህን እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ብንሰማው አይከፋም። መሥራቾቹ «ሁሉም እኩል» ብለው የሰበሰቡትን የጋራ ሀብት ሰርቀው፣ ለራሳቸው የተንጣለለ ግቢ ሠርተው፣ ከሕዝባቸው በግንብ ተለዩ። ሕዝቡ ሲነሣባቸው ጨፈለቁት። በመጨረሻ ኤቨሪና ቲው ሌሎቹን መሥራቾች ለማዕድ ጠርተው መርዝ አጠጧቸው። ኔተን ወደ አዳራሹ ሲገባ ዐፅሞቹ እስከ ዛሬ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል፤ ጽዋው ከፊታቸው ነው። ሁለቱ የተረፉትም ወርቁ በተጫነበት መርከብ ውስጥ በሰይፍ ተጨራርሰው ይገኛሉ። የሰው ወርቅ አያደምቅ!

ይህ ሁሉ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ጌሙን በልቤ ያስቀረው ይህ አይደለም። ያስቀረው አንድ ተራ እራት ነው።

ታሪኩ ሲጀምር ኔተን ያን ሕይወት ትቶ ሚስቱን ኤሌናን ይዞ በሰላም ይኖራል። ሥራው ከወንዝ ግርጌ የሰመጠ ዕቃ ማውጣት ነው። አንድ ምሽት ጣሪያው ሥር ባለችው ክፍል ውስጥ የድሮ ትዝታዎቹን ሲያገላብጥ እናየዋለን። እዚያ የመጫወቻ ሽጉጥ አለች፤ ጆይስቲኩን የያዘው ሰው በእሷ ወዲያ ወዲህ መተኮስ ይችላል። ከዚያ ሁለቱ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እየበሉ ያወራሉ፤ ሰሃን ማን ይጠብ በሚለው ተወራርደው ክራሽ ባንዲኩት የሚባለውን አሮጌ ጌም ይጫወታሉ። ጌም ውስጥ ሌላ ጌም መሆኑ ነው፤ ክራሽንም በ1996 የሠራው ያው ኖቲ ዶግ ነው። የሚፈነዳ ነገር የለም፤ የሚሮጥ የለም።

እውነቱን ልናገር፤ እኔና ወንድሜ በዚህ ቦታ ሰልችቶን ነበር። «ኧረ ቶሎ ይሂድ!» አልን ሁለታችንም። በኋላ፣ ለዐሥራ አምስት ዓመት ሞቷል ብሎ ያለቀሰለት ታላቅ ወንድሙ ሳም ከፓናማ እስር ቤት ወጥቶ ድንገት በሩ ላይ ሲቆም፣ ደስ ብሎን አጨበጨብን። ሳም የኤቨሪን ሀብት በሦስት ወር ውስጥ ካላገኘ የሚገድለው ሰው እንዳለ ይናገራል። ኔተን ሊሄድ ይወስናል። ለኤሌና ስልክ ደውሎ የሆነ ነገር ይነግራታል።

«ምን አላት?» አልኩት ወንድሜን።

መልስ አልሰጠኝም። እስከዚያ ድረስ ቀልዱን እንኳ ሳያስቀር የሚተረጉምልኝ ሰው ጆይስቲኩን አቀበለኝና «ውጣ፣ ውጣ፤ ያንተ ገደል መጣ» አለኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማዳጋስካር ደረስን። ረጅም የመኪና እሩጫ አለ፤ ልብ ያወልቃል። ያን አምልጠው ወደ ሆቴላቸው ሲመለሱ ኤሌና ክፍሉ ውስጥ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ከግድግዳው የተለጠፈውን ካርታ ሁሉ አይታዋለች። የሠሪዎቹ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ የሴትዮዋን ፊት ለማንበብ እንግሊዝኛ ማወቅ አያሻም። ብዙም አትጮኽም። የእናቴን ዝምታ የሚያውቅ ሰው ያንን ዝምታ ያውቀዋል። እንደገና «ምን አለችው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ተናደደች» አለኝ። ይኸው ነው። ቴሌቪዥኑን አጠፋውና ወደ ቤት ሄድን። ከዚያ በኋላ አብረን አልተጫወትንም።

መስከረም ሊጠባ ሲል ወንድሜ ለእናታችን «ሐዋሳ ሥራ አግኝቻለሁ» አላት። እናቴ ዳቦ ቆሎና በሶ ቋጠረችለት፤ ደጃፉ ላይ መርቃ ሸኘችው። በዋዜማው ሌሊት ለእኔ የነገረኝ ግን ሌላ ነበር። መንገዱ በሞያሌ በኩል ነው፤ የሚሄደውም ደቡብ አፍሪካ ነው። «ለእማዬ እንዳትነግራት፤ ደርሼ ራሴ እነግራታለሁ» አለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ እናቴ «ሐዋሳ ኔትዎርክ የለም እንዴ?» እያለች ስትጠይቅ፣ «አይኖርም ይሆናላ» እያልኩ ኖርኩ። በሃያ አራተኛው ቀን ከናይሮቢ ስልክ ተደወለ። እናቴ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ታውቅ ነበር እንዴ?»

«አላውቅም ነበር» አልኳት።

ጌሙን እንደገና ያገኘሁት ሁለተኛ ዓመት ሆኜ፣ በዕረፍት ጊዜ ጓደኛዬ ቤት ነው። ያን ጊዜ እንግሊዝኛው አላስቸገረኝም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ብቻዬን ተጫወትኩት። ወደዚያች የስልክ ንግግር ስደርስ ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አደመጥኩ። ለካ ኔተን «ለሥራ ማሌዥያ እየሄድኩ ነው» ነው የሚላት! የእኛዋን ሐዋሳ ፈረንጆቹ ማሌዥያ ብለዋታል። ወንድሜ ያን ሌሊት መተርጎም አቅቶት አይደለም የተወው፤ ቢተረጉምልኝ የራሱን ነገር በአፉ ማውጣቱ ስለሆነበት ነው። መቼም ሐሳቡን ከዚያ በፊት ቆርጦ ኖሯል።

የማላውቀውን ቀሪ ታሪክም ጨረስኩት። ሳምም ዋሽቶ ኖሯል፤ የሚገድለው ሰው የለም፤ ወንድሙን ከቤቱ ለማስወጣት የፈጠረው ነው። ሳም ለኔተን ዋሸ፣ ኔተን ለኤሌና ዋሸ። ሁለቱም የዋሹት ከሚወዱት ሰው ላይ ነው። ኤሌና ግን ትታው አልቀረችም፤ ደሴቲቱ ድረስ መጥታ ከሞት ታወጣዋለች። እሱም በመጨረሻ ቁጭ አድርጎ ሁሉን ይነግራታል። ድሬክ የሚለው ስም እንኳ እውነተኛው አይደለም፤ እሱና ወንድሙ ልጆች ሳሉ የእናታቸውን ንብረት ፍለጋ ሰው ቤት ሰብረው በገቡበት ሌሊት ያወጡት ነው። ወርቁን በተመለከተ፣ መርከቡ በእሳት ተያይዞ ይቀራል። ሳም ኪሱ ከከተታት ጥቂት ሳንቲም በቀር የወጣ የለም።

እንግዲህ ለፈላስፋው ጓደኛዬ መልሴ ይህ ነው። መጽሐፍ ወይም ፊልም ቢሆን ኔተን ሲዋሽ አይቼ «ይህ ሰው አበጀ፣ ይህ ሰው አጠፋ» ብዬ በፈረድኩ ነበር። ጌሙ ግን ለፍርድ አላመቸኝም። ያን ሰላማዊ እራት ሰልችቶኝ «ቶሎ ይሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ። የመጫወቻ ሽጉጧን ይዤ እውነተኛዋን የናፈቅሁት እኔ ነኝ። ከገደሉ ላይ ገመዱን የወረወርኩት በራሴ አውራ ጣት ነው። ሠሪዎቹ ይህን አውቀው ነው ያደረጉት፤ መጀመሪያ መሄድን ያስናፍቁሃል፣ ከዚያ ሆቴል ውስጥ የቆመችውን ሴት ያሳዩሃል። ሀብት ፍለጋ የሚሄድ ሰው ማዕድ ላይ ትቶት የሚሄደው ሰው እንዳለ ስንቱ ተረት ይነግረናል? አብዛኛው ወርቁ ሲገኝ ያበቃል።

ይህኛው የሚያበቃው ሌላ ቦታ ነው። ዓመታት አልፈው የኔተንና የኤሌና ልጅ በጉርምስናዋ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ትከፍታለች። ውስጡ የድሮ ፎቶግራፍና ቅርሳ ቅርስ ነው። ደብቀዋት የኖሩትን ወላጆቿ ሊነግሯት ይስማማሉ።

ወንድሜ ዛሬ ጆሃንስበርግ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። የገና ዕለት ሲደውል ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ።

«ለመሆኑ ያን ጌም ጨረስከው?» አለኝ፣ ከመሬት ተነሥቶ።

«ጨረስኩት።»

«ወርቁን አገኙት?»

«አገኙት። ይዘውት ግን አልወጡም።»

ጥቂት ዝም አለ። «ሚስቱስ?»

«ሁሉን ነገራት። ስሙ ሳይቀር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አብራው ወጣች።»

እንደገና ዝም አለ። ከዚያ «እማዬ አለች? እስቲ ስጣት» አለኝ። ስልኩን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ፤ እጇ ሊጥ ስለ ነበር ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። ያወሩት ስለ ጤና ነው፤ ስለ ዶሮ ዋጋ ነው። አጠገቧ ቆሜ ስልኩን በያዝኩበት ጊዜ ሁሉ ያቺ «አላውቅም ነበር» ያልኳት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበረች። አልወጣችም።

ለፋሲካ ወደ ቤት ስሄድ ይህችን መጽሔት ይዤላት እሄዳለሁ። እናቴ ረጋ ብላ ነው የምታነብ፤ መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች። እዚህ ገጽ ላይ ስትደርስ አስተርጓሚ አያሻትም።