ወርቅ ላበደረ ጠጠር

ካኩማና ካካሜጋ ስማቸው ይቀራረባል። አዲስ የመጣ ወገን ሁለቱን ሲያምታታ ሰምተን ስቀን እናውቃለን። እኛ ያለነው አቧራው ላይ ነው፤ ካካሜጋ ግን በሎድዋርና በኪታሌ በኩል ወደ ደቡብ ሲወረድ የሚገኝ፣ ዝናብ የጠገበ የሉህያ ሕዝብ አገር ነው። ከከተማው ዳር ሮስተርማን የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በ1952 ከተዘጋ የወርቅ ማውጫ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የዚህ ጉድጓድ ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች ባዕድ ስላልሆነ ልናጫውታችሁ ወደድን።

መካከላችን አዶላ ወርቅ አጥበው የኖሩ ሰዎች አሉ። እነሱ የሚያውቁት ደለሉን በገበቴ ማጠብ ነው። የደለል ወርቅ ግን እናት ድንጋይ አለው። የካካሜጋ ድንጋይ ዕድሜው ከ2 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ጥንት እሳተ ገሞራና ጭቃ ተደራርበው ድንጋይ ሆኑ፤ ከሥር የቀለጠ ግራናይት ገፋቸው፤ ተሰነጣጠቁ። በስንጥቁ ውስጥ ወርቅ ያሟሟ ፍል ውኃ ወጣ፤ ሲበርድም ኳርትዝ የሚባለውን ነጭ ድንጋይና ወርቁን እዚያው ጥሎ ሄደ። እንደ ደም ሥር ቀጭን ነው። አንድ ቶን ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገኘው ወርቅ በግራም የሚቆጠር ነው።

በ1931 በያላ ወንዝ አካባቢ የደለል ወርቅ ተገኘ። ጊዜው የዓለም ኢኮኖሚ የወደቀበት ነበርና እርሻቸው የከሰረባቸው ነጮች በመቶዎች ጎረፉ። መሬቱ ግን ባለቤት ነበረው። በ1930 የወጣው የቅኝ ገዢዎቹ ሕግ የአገሬው ክልል ለዘለዓለም የአገሬው ነው ይላል፤ ከዚያ ቢወሰድም እኩል መሬት ይተካል ይላል። ታዲያ ወርቅ ሲገኝ ያ “ዘለዓለም” ስንት ዓመት ቆየ? ሁለት! በዲሴምበር 1932 ሕጉ ተሻሻለ፤ ለማዕድን የተወሰደ መሬት ምትክ ቀርቶ በገንዘብ ካሣ ብቻ እንዲታለፍ ተፈቀደ። ነገሩ ለንደን ፓርላማ ድረስ ክርክር አስነሳ፤ ቁፋሮው ግን አልቆመም።

ሮስተርማን ከ1935 ጀምሮ ሠራ። በአካባቢው ማውጫዎች በሺህ የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ድንጋይ ፈለፈሉ። ጥሩ ጥሩው ድንጋይ ሲያልቅና ወጪው ሲከብድ ኩባንያው ዘግቶ ሄደ። ወርቁ ባሕር ተሻገረ፤ ለባለአገሩ ጉድጓዱና የተፈጨ ድንጋይ ክምር ቀረለት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው።

እኛ ከመሬታችን ተነቅለን የመጣን ሰዎች ነን። አንዳንዴ የሚያስጠጋን አገር ሰው መሬት ሲባል ለምን ፊቱ እንደሚለዋወጥ አይገባንም፤ እንቀየመዋለንም። ይህ ሰው ከቀዬው ሳይወጣ መሬቱን የተቀማ አያት እንዳለው ስናውቅ ግን ቅያሜያችን ይበርዳል። በወረቀት ላይ የተጻፈ ተስፋ እንዴት እንደሚታጠፍ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

አንድ ነገር ለወጣቶቻችን፦ ኩባንያው ቢሄድም ካካሜጋ ዛሬም ወርቅ በእጁ የሚቆፍር አለ። “ወርቅ አለ” ሲባል ልብ ይነሣል፤ እንረዳለን። ነገር ግን የድሮ ጉድጓድ ውኃ ያቆራል፣ አፈሩ ይናዳል። ወርቁን ለመልቀም የሚጠቀሙበት ሜርኩሪም ሲቃጠል ጢሱ አይታይም እንጂ መርዝ ነው፤ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ በማሕፀን ያለውን ልጅ ሳይቀር ያገኛል። በተለይ እናቶች፣ ሜርኩሪ የነካው ድስት ወደ ምግብ እንዳይመለስ። ሜርኩሪ የሚቃጠልበት ቦታ ልጅ አይድረስ።

ጉድጓድ የቆፈረው ይሄዳል፤ አጠገቡ የሚያድረው ግን ጎረቤቱ ነው። እኛም ዛሬ የዚህ አገር ጎረቤቶች ነንና ታሪኩን እንወቅለት።