ከቤተሰብ ጋር ለሥራ ወደ ቁልቢ

ከእናንተ መካከል ቁልቢ ገብርኤል ሄዶ የሚያውቅ አለ? የሄደ ሰው መንገዱንና የሕዝቡን ብዛት ያውቃል። ያልሄደም ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ለመሳለም ብቻ ስለሚሄደው ሰው አይደለም። ንግሥ ላይ ሻይና ቆሎ ለመሸጥ ልጆቹን አስከትሎ ስለሚሄደው ሰው ነው። እናቴ ከነዚህ ሰዎች አንዷ ናት።

ቁልቢ በምሥራቅ ሐረርጌ የምትገኝ ትንሽ የደጋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ያሠሩት ራስ መኰንን ናቸው። ራስ መኰንን የሐረርጌ ገዥ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ዓድዋ ዘምተዋል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በስለት ነው ይባላል። እሳቸውም የሞቱት እዚያው ቁልቢ ነው። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ታመው ዐረፉ።

ንግሡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን። ትልቁ የታኅሣሡ ነው። ሰው ከየአገሩ ይመጣል፤ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በእግር። ድሮ ብዙ ሰው እስከ ድሬዳዋ በባቡር ይመጣ ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ አለ። ስለቱ የሰመረለት ጥላ፣ ምንጣፍ፣ ጧፍ፣ ዕጣን ይዞ ይመጣል። ልጅ ለምና ያገኘች እናት ልጇን አዝላ ትመጣለች፤ እዚያው ክርስትና ታስነሣለች።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው መብላት አለበት። መጠጣት አለበት። ሌሊቱም ይበርዳል። ታኅሣሥ በደጋ አገር ምን እንደሚመስል ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ነጋዴው ከሰልና ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል።

የኛ ቤት ጭሮ ነው፤ ድሮ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ከተማ። እናቴ አራት ዓመት ከወንድሟ ጋር ቁልቢ እየሄደች ሸጣለች። አራቱንም ዓመት ንግሡን አላየችም። ዳሱን ለማን ትታ ትሄዳለች? ታቦት ሲወጣ እልልታውን ትሰማለች፤ ብርጭቆ ታጥባለች። እሷም ስለት ነበረባት። ታናሽ ወንድሜ እንደተወለደ በጣም ታሞ ነበር። እናቴም "ከዳነልኝ ራሴ እጁን ይዤ፣ ጥላ ይዤ እመጣለሁ" ብላ ተሳለች። ልጁ ዳነ። አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። ጥላውን በሰው እጅ መላክ ይቻል ነበር፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። የእናቴ ስለት ግን "እጁን ይዤ" የሚል ነው። የልጅ እጅ በሰው እጅ አይላክም።

እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. ሁላችንም እንሂድ ተባለ። እናቴ፣ አጎቴ፣ የ15 ዓመት እኅቴ፣ ትንሹ ወንድሜና እኔ። አባታችን ከብቱን ለመጠበቅ ቀረ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ለሥራውም ለሻንጣውም ትከሻዬ ይፈለግ ነበር።

ታኅሣሥ 17 ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። አጎቴ ከዕቃው ጋር በጭነት መኪና ሄደ። ሁለት ጆንያ ቆሎ፣ የዳቦ ዱቄት፣ ስኳር፣ ከሰል፣ ሸራ፣ ሦስት ጀሪካን። እኛ በአውቶቡስ ሄድን። ረዳቱ ለትንሹ ልጅም ክፈሉ አለ። እናቴ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና "ይኸው፣ ወንበርህን ውሰድ" አለችው። ሂርናን አልፈን ጨለንቆ ደረስን። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦርና የሐረሩ አሚር የአብዱላሂ ጦር የተዋጉት እዚህ ነው። ምኒልክ ሐረርን የያዙት ከዚህ ጦርነት በኋላ ነው። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ተኝቶ ነበር። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በግራና በቀኝ የጫት ማሳ፣ የማሽላ አገዳ፣ በእርከን የታረሰ ገደል ይታያል። ገበሬው ገደሉን በድንጋይ ካብ እየደገፈ ያርሳል። አፈር በጎርፍ የሚሄድበት ሰው ይህን አገር ቢያይ ደስ ይለዋል።

ቁልቢ ስንደርስ አጎቴ ቦታ ይዞ ነበር። አራት እንጨት ተክለን ሸራ ወጠርን። ከጎናችን አንዲት የአገሩ ሴት ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር ትሸጣለች። ቤቷ ከዚያው አቅራቢያ ነው። ሃይማኖቷ እስልምና ነው። ለንግሡ በየዓመቱ ትሸጣለች፤ እንግዳም ታሳድራለች። ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ ይጫወታሉ። አራት ዓመት ጎን ለጎን ሸጠዋል፤ ውሃ ሲያልቅብን ከሷ ጀሪካን እንቀዳለን፤ ከሰል ሲያልቅባት ከኛ ትወስዳለች።

አሁን ስለ ሥራው ልንገራችሁ። ንግሥ ላይ መሸጥ እንደ ቅዳሜ ገበያ አይደለም። መጀመሪያ ጾሙን ማወቅ ያስፈልጋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ የሚፈታው ገና ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ 19 ጾም ነው። ቅቤ የገባበት፣ ወተት የነካ ነገር ክርስቲያኑ አይገዛም። ሻይ ያለ ወተት፣ ዳቦ በዘይት፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ድንች፤ የሚሸጠው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዓቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በዋዜማው ማታ ሻይ እንደ ጉድ ይሸጣል፤ ሰው ይበርደዋል፣ ከመንገድ ገብቷል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን የሚቆርበውም የሚያስቀድሰውም አፉን ይይዛል። እስከ ረፋድ ድረስ እሳቱን እያነደድክ ማንም አይገዛህም። ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ታቦት ሲገባ፣ ያ ሁሉ ሰው አንድ ጊዜ ይራባል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት አራት ሰዓቶች ናቸው የዓመቱን ገበያ የሚወስኑት። ይህን የማያውቅ ሰው ጠዋት ዳቦውን ቆርሶ ያደርቀዋል።

እኅቴ በነዚህ ሁለት ሌሊቶች ብዙም አልተኛችም። ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው ያስፈልግ ነበር። አጎቴ "ልጅ ነች፣ ትችላለች" ይላል። ለኔ ይህ ነገር አይጥመኝም። ልጅን ለንግሥ አምጥቶ ሁለት ሌሊት ማሳደር ጉዞ ነው ለማለት ይከብዳል። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ሳህኑን ተቀብያት ጆንያው ላይ ተኛች። ጠዋት ጉንጯ ላይ የጆንያው ጥለት ታትሞ ነበር፤ ትንሹ ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ሳቀባት።

ከቤት ሳንወጣ አንድ ሥራ ሠርቼ ነበር። በቁራጭ ወረቀት ላይ የወንድሜን ስም፣ የእናቴን ስም፣ የከተማችንን ስምና የስልክ ቁጥራችንን ጻፍኩ። በላስቲክ ጠቀለልኩትና እናቴ ከሸሚዙ ውስጥ ሰፋችው። አጎቴ "እንደ ዕቃ ጭነት አደረጋችሁት" ብሎ ቀለደ። በዋዜማው ማታ ግን አንዲት አራት ዓመት ያህል የሚሆናት ልጅ እያለቀሰች ዳሳችን አጠገብ መጣች። የማን ልጅ ነሽ? ብንላት "የእማዬ" ትላለች። አገርሽ የት ነው? ብንላት "ቤታችን" ትላለች። አጎቴ አቅፎ ወደ ድምፅ ማጉያው ወሰዳት። "ቀይ ሹራብ የለበሰች፣ ጫማዋ አንድ እግር የሆነ" እየተባለ ተጠራ። እናቷ የመጣችው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ነጠላዋን በእጇ ይዛ ባዶ ራሷን ትሮጥ ነበር። አጎቴ ከዚያ በኋላ ስለ ወረቀቱ አልቀለደም።

ታኅሣሥ 19 ቀን ሲነጋ እናቴ ልብሷን ቀየረች። ጥላውን ከሻንጣው አወጣች። ከዚያ ግን ቆመች። ዳሱን ታያለች፣ ልጁን ታያለች። አጎቴ ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ገና አልተመለሰም። እኔና እኅቴ አለን። ግን ሰው ሲመጣ ሻይ የሚቀዳ፣ ዳቦ የሚቆርስ፣ ብር የሚቀበል፣ ሌባ የሚጠብቅ አራት እጅ ይበቃል? "ከምሳ በኋላ ብሄድስ?" አለች። ከምሳ በኋላ ታቦቱ ይገባል።

ድንች የምትሸጠው ጎረቤታችን ይህን ሰማች። ሥራዋን አላቆመችም። ምጣዷን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደኛ ዳስ አስጠጋችና መካከል ላይ ተቀመጠች። አሁን በግራ እጇ ድንች፣ በቀኝ እጇ የኛ ዳቦ ሆነ። ለእናቴ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለቻት። እናቴ ሳቀችና የልጁን እጅ ይዛ ሄደች። ምን አለችሽ ብዬ በኋላ ጠየቅኳት። "የተሳልሽው ላንቺ ነው ወይስ ለሻይሽ? ነው ያለችኝ" አለች።

እነሱ በሄዱ ጊዜ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ዳስ ውስጥ ነበርኩ። እልልታው ሲነሣ፣ ደወሉ ሲደወል ሰማን። እኅቴ ቆማ አማተበች። ጎረቤታችንም ሥራዋን ገታ አድርጋ ጸጥ አለች። ከዚያ ሰው እንደ ጎርፍ ከዳገቱ ወረደብን። ብርጭቆ አልበቃ አለ። ጎረቤታችን ሒሳብ በቃሏ ታውቃለች፤ እኔ በደብተር ከምደምረው ትፈጥናለች። የራሷን ብር በቀሚሷ ኪስ፣ የኛን ብር በቆርቆሮ ጣሳ ታስቀምጣለች፤ አንድም ጊዜ አላቀያየረችም።

እናቴና ወንድሜ ሲመለሱ ቀትር አልፎ ነበር። ጥላው በእጃቸው የለም። ልጁ እስከ ጉልበቱ አቧራ ሆኗል። ምን አየህ? አልኩት። "ሰው ተሸክሞኝ ነበር። ጥላ ብቻ ነው የማየው፤ ብዙ ጥላ። የኛ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ" አለ። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ሻሿን አሰረችና ማንቆርቆሪያውን ከጎረቤታችን እጅ ተቀበለች። ለሷም የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀዳችላት፤ ስኳሩን አብዝታ።

ማታ ዳሱን ስናፈርስ ሒሳብ ሠራን። እናቴ ቁጥር መጻፍ ታውቃለች፤ ፊደሉን ገና እየለመደች ነው። እሷ ስትናገር ቃሉን እኔ ጻፍኩ፣ ቁጥሩን እሷ ጻፈች። ለዕቃ መግዣ 9,400 ብር። ለከሰልና ለውሃ 1,300 ብር። ለጭነት 900 ብር። ለቦታ 600 ብር። ድምሩ 12,200 ብር ሆነ። የተሸጠው 17,650 ብር ነው። ስለዚህ 5,450 ብር ተረፈ። አጎቴ "ጥሩ ነው!" አለ።

ግን የኛ የአውቶቡስና የመኪና ክፍያ የት ገባ? አራት ሰው፣ መሄጃና መመለሻ፣ በ300 ብር ሒሳብ 2,400 ብር ነው። እኛስ አራት ቀን ምን በላን? የ1,150 ብር ምግብ። ይህ ሲቀነስ የቀረው 1,900 ብር ነው። ለአራት ሠራተኛ ሲካፈል ለአንድ ሰው 475 ብር። በአራት ቀን ሲካፈል፣ በቀን 120 ብር እንኳ አይሞላም።

አጎቴ ዝም አለ። ከዚያ "ከመቀመጥ ይሻላል" አለ። የጥላው ዋጋ አልተጻፈም አልኩ። እናቴ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። "ስለት ወጪ አይባልም" አለች። እኔም አልተከራከርኩም። ግን ደብተሩን ለሁለት ከፈልነው። በአንዱ ገጽ የሥራው፣ በሌላው ገጽ የጉዞው ተጻፈ። የእናቴና የአጎቴ ክፍያ ወደ ሥራው ገባ። የኛ የልጆቹ ወደ ጉዞው ገባ። እንዲህ ሲሆን ሥራው ብቻውን ስንት እንደሚያተርፍ ይታያል፤ ቤተሰቡን ለማምጣት ስንት እንደተከፈለም ይታያል። ቤተሰብ ይዞ ለሥራ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሁለቱን ባይቀላቅል እመክራለሁ። ሲቀላቀል የሥራው ትርፍ ጉዞውን ይበላል፤ ወይም ጉዞው የከሰረ ሥራ ይመስላል።

በማግሥቱ ጠዋት ዳገቱ ባዶ ሆኖ ነበር። ገለባ፣ የሸንኮራ ልጣጭ፣ የጧፍ ጫፍ ብቻ ቀርቷል። ጎረቤታችን ከቤቷ አንድ ዘንቢል ጥሬ ድንች ላከችልን። አውቶቡስ ስንጠብቅ እናቴ "ሐምሌ 19 ምን ቀን ይውላል?" ብላ ጠየቀችኝ። ለምን እንደጠየቀች ገባኝ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፤ ስለዚህ የሐምሌው ንግሥ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በወተትም በቅቤም መሸጥ ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. ዓርብ ውሎ ነበር።

አብረን አሰብነው። የኛ አገር ወር 30 ቀን ነው። ከታኅሣሥ 19 እስከ ሐምሌ 19 ሰባት ወር፣ ማለት 210 ቀን ነው። 210 ለሰባት ሲካፈል 30 ሳምንት ይሆናል፤ ቀሪ የለውም። ስለዚህ የታኅሣሡ ንግሥ በዋለበት ቀን የሐምሌውም ይውላል። የታኅሣሡ ቅዳሜ ነበር። "ቅዳሜ ነው" አልኳት።

"እንግዲያው ወተት አለ" አለች። ቀጥላም "ዝናብም አለ፤ ሸራው ይቀየር" አለች። ረዳቱ መጣና ለልጁ ክፈሉ አለ።