«አናውቅም» ማለት ያፈርን ዕለት

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፣ የእጅ ስልክ አውሮፕላን ይጥላል እንዴ?» አለን። ምን ይዋጠን! አናውቅም ማለት አፍረን «አዎን፣ ይጥላል» ብለን አለፍን። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳን።

ነገሩን ብንመረምር፣ «ይጥላል» ማለት ማጋነን ሆኖ አገኘነው። ስልክ የሬዲዮ ሞገድ ያሰራጫል፤ ጣቢያው ሲርቀው ኃይሉን ይጨምራል። ሞገዱ በአብራሪው ማዳመጫ ውስጥ እየተንጣጣ ከመቆጣጠሪያ ማማ የሚነገረውን ሊሸፍንበት ይችላል። በአሜሪካ በ1991 እ.ኤ.አ. በበረራ ላይ በእጅ ስልክ መጠቀም የተከለከለው ግን በተለይ የምድሩን የስልክ መረብ እንዳያውክ ነበር። በ2013 ደግሞ አውሮፕላናቸው ሞገዱን መቋቋሙን ያረጋገጡ አየር መንገዶች፣ መንገደኛው የስልኩን ማሰራጫ ዘግቶ በመሣሪያው ከመነሻ እስከ ማረፊያ እንዲጠቀም እንዲፈቅዱ ተደረገ።

በማግስቱ «ትናንት ተሳስተናል» ብለን፣ ስልክ ከሬዲዮ አጠገብ አስቀምጠን አስደወልን። ሬዲዮው «ትር ትር ትር» ሲል ልጆቹ ሳቁ፤ ነገሩም ገባቸው።

እጩ መምህራን ሆይ! ስህተቱን ያረመ መምህር ክብሩ አይጎድልም፤ ያላረመው ግን የክፍሉን ልጆች በሙሉ አሳስቶ ይቀራል።