ከባሕሩ በፊት ያሉት መውጫዎች

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ወደ ቨርጂኒያ ቢች የሚወርድ የሐበሻ ቤተሰብ ጉዞውን የሚጀምረው ከዋዜማው፣ ማድ ቤት ውስጥ ነው። ሥጋው በአዋዜ ይታሻል፣ እንጀራው ተጠቅልሎ ኩለር ውስጥ ይገባል፣ ጀበናና ሲኒ በፎጣ ይታሠራሉ። ሆቴሉ ቁርስ ቢያቀርብም የሚያምነው የለም። ወቅቱ ሰመር ነው፤ አገር ቤት ዝናቡ የሚወርድበት ክረምት መሆኑ ነው።

ውሃ ፍለጋ የመውረድ ልማዱ ከአገር ቤት አብሮ የተሻገረ ነው። አዲስ አበቤ ውሃ ሲያምረው ቢሾፍቱ ይወርዳል፤ ጊዜና ገንዘብ ከተረፈው 200 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ ላንጋኖ ያድራል፤ ወገቡን የሚያመው ደግሞ ሶደሬ ፍል ውሃ ገብቶ ይታሻል። አዲስ አበባ ራሷ የዚህ አምሮት ልጅ ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ነበር፤ ገላ ለመታጠብ የተወረደበት መስክ ዋና ከተማ ሆኖ ቀረ።

ታሪክ ግን ሌላ ጉዞ ነው። ላሊበላ ለገና፣ አክሱም ለኅዳር ጽዮን ይኬዳል፤ ሄያጁም ጎብኚ ሳይሆን ተሳላሚ ነው። ነጠላና የዋና ልብስ አንድ ሻንጣ ውስጥ እምብዛም አይገናኙም። ጎንደር ብቻ በዓመት አንድ ቀን ደንቡን ታፈርሳለች፦ ጥር 11፣ ከቀሃ ወንዝ በተቀዳ ውሃ የተሞላው የፋሲል መዋኛ ሲባረክ ወጣቱ ከነልብሱ ዘሎ ይገባል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ውሃና ታሪክ ጎረቤታሞች ናቸው። ቤተሰቡ በ95 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ነድቶ ሪችመንድ ላይ ወደ 64 ሲታጠፍ፣ ባሕሩ ከመድረሱ በፊት የዊሊያምስበርግን መውጫዎች ያልፋል። ከተማዋ ከ1699 እስከ 1780 እ.ኤ.አ. የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ነበረች። ኋላ አርጅታ ተረስታ ሳለ፣ ከ1926 ጀምሮ በጆን ዲ. ሮክፌለር ልጅ ገንዘብ ታደሰች። ዛሬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ልብስ አንጥረኛው ብረት ይቀጠቅጣል፣ ጫማ ሰፊው ቆዳ ይወጋል። በጎዳናው መንሸራሸር በነጻ ነው፤ ቲኬት የሚጠየቀው ቤቶቹ ውስጥ ለመግባት ነው። በከተማዋ አልፎ በዛፍ ጥላ የሚሄድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ አንዱ ጫፉ እንግሊዞች በ1607 የሰፈሩባት ጄምስታውን፣ ሌላው ጫፉ ጦራቸው በ1781 እጁን የሰጠባት ዮርክታውን ነው። ጄምስታውንን የቆረቆሩት ሰዎች መጀመሪያ የረገጡት ደግሞ በዛሬዋ ቨርጂኒያ ቢች ውስጥ ያለውን ኬፕ ሄንሪን ነበር።

ይህ ሁሉ ይታለፋል። ቨርጂኒያ ቢች ሲደረስ ዋናው ጉዳይ አሸዋው፣ ከአሸዋው ጎን ለእግረኛ የተዘረጋው ረጅሙ መንገድ፣ ከዚያም በ2005 በቆመውና 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የነሐስ የኔፕቲዩን ሐውልት ሥር መነሳት የማይቀረው ፎቶ ነው።

ለምን ይታለፋል? ልጆቹ ይቸኩላሉ፣ ሥጋው ይበላሻል። ከዚያ በላይ ግን ፓሩክ ያደረጉ ጌቶችና ሠረገላዎቻቸው እኛን የማይመለከት የሰው ታሪክ ይመስላሉ። ግምቱ ስህተት ነው። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ከዊሊያምስበርግ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ነበር፤ አብዛኛውም በባርነት የተያዘ። ወደ ባሕሩ ጠጋ ሲባል ደግሞ ሃምፕተን ውስጥ ፖይንት ኮምፎርት አለ። በነሐሴ 1619 ከአንጎላ የተጋዙ ከ20 የሚበልጡ አፍሪካውያን በእንግሊዞች ቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ የወረዱት እዚያ ነው።

የቦታው ታሪክ እዚያ ላይ አልቆመም። በስፍራው በተሠራው በፎርት ሞንሮ ምሽግ፣ በግንቦት 1861፣ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ፣ ሦስት በባርነት የነበሩ ሰዎች በሌሊት በጀልባ ቀዝፈው ጥገኝነት ጠየቁ። ጌታቸው ይመለሱልኝ ብሎ ሰው ቢልክ፣ አዛዡ ጄኔራል በትለር የጠበቃ ብልሃት መዘዘ፦ ቨርጂኒያ ተገንጥያለሁ ካለች ያሜሪካ ሕግ አይጠብቃትም፤ ሰዎቹም የጦር ምርኮ ናቸው አለ። በሳምንታት ውስጥ መቶዎች ተከትለው መጡ። ባርነት በገባበት በር መውጣት ጀመረ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ቦታውን ብሔራዊ ቅርስ ያደረጉት በ2011 ነው።

የሚያስቀው፣ በሰመር ቅዳሜ ሁሉም መኪና የሚቆመው እዚሁ አጠገብ መሆኑ ነው። ከሃምፕተን ወደ ኖርፎክ የሚያሻግረው የባሕር ሥር ዋሻ ይጨናነቃል፤ ከኋላ ወንበር «አልደረስንም?» ይባላል፤ የአዋዜው ሽታ ከኩለሩ ያመልጣል። ፎርት ሞንሮ ከመንገዱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቃል፤ የሚዋኙበት የራሱ አሸዋም አለው። ምሽጉን በእግር መዞር ብዙ አይፈጅም፤ ዋሻው ፊት የሚጠፋው ጊዜ አንዳንድ ቅዳሜ ከዚያ ይበልጣል።