አገልግሉስ ስንት ይመዝናል?

መንገደኛ ስለ ስንቁ ይናገራል እንጂ ስንቁን ስለ ያዘው አገልግል አያነሣም። የዋግን ዳገት የወጣ ሰው ግን ባዶ አገልግልም እንደሚከብድ ያውቃል። እኔም የሰቆጣ ልጅ ነኝና፣ ሃስኬል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያገኘሁት አንድ ነገር ይህንኑ አሳሰበኝ።

በምሳሌ ልግለጠው። ዱሮ ከአፋር ምድር የሚመጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ ገበያ ይሸጥ ነበር። 17 አሞሌ ለ5 ሰዎች ቢካፈል ድርሻው 3፣ ቀሪው 2 ነው። እንግዲህ አንዱ ሥራ ሁለት መልስ ወለደ። ሃስኬል ሁለቱን ባንድነት ለመመለስ ተፕል በሚባል መያዣ ይከታቸዋል። ይህም መያዣ በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ ስፍራ ይሻል፤ በ64 ቢት ማሽን ላይ ለመያዣው ብቻ 24 ባይት ይሆናል። ተቀባዩ ወዲያው ከፍቶ ሁለቱን መልሶች ይወስድና መያዣውን ይጥለዋል። ማካፈሉ ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገም 24 ሚሊዮን ባይት ለአገልግል ወጣ ማለት ነው።

በግላስጎው የነበሩት ሳይመን ፔይተን ጆንስና ጆን ላንችበሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጽሑፍ፣ ያለ መያዣ የሚተላለፉ ዋጋዎች በቋንቋው ውስጥ ቦታ እንዲያገኙ መንገድ ጠረጉ። በኋላም የግላስጎው ሃስኬል ኮምፓይለር መያዣ የሌለውን ተፕል ጨመረ፤ አጻጻፉም (# ድርሻ, ቀሪ #) ነው። ሁለቱ መልሶች ከእጅ ወደ እጅ እንደሚሰጥ ዕቃ በማሽኑ ሬጅስተሮች ወይም በስታክ ያልፋሉ።

ታዲያ አገልግሉን ኹሉ እንጣል? አይደለም። መያዣ ያለው ተፕል ስሌቱ ሳይጀመር ሊቆይ፣ በዝርዝር ውስጥ ሊቀመጥ፣ ዓይነት ለማይመርጥ ፈንክሽንም ሊሰጥ ይችላል። መያዣ የሌለው ግን ይህ መብት የለውም፤ ተቀባዩ እጁን ዘርግቶ መቆም አለበት። ደግሞም ኮምፓይለሩ ራሱ፣ ፕሮግራሙን እንዲያፈጥን ሲታዘዝ፣ ብዙ ጊዜ መያዣውን ሳንነግረው ያስወግደዋል።

ስለዚህም አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የኮምፓይለር ሠሪዎች ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ብዙዎቻችን የምንማረው ሜሞሪው ጠባብ በሆነ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ሀብታም የመያዣውን ዋጋ ሳይጠይቅ ሊኖር ይችላል፤ ድኻ ግን ማወቅ ይገባዋል። ለሩቅ መንገድ አገልግል ያስፈልጋል፤ ለጎረቤት እጅ ይበቃል። የትኛው ሩቅ፣ የትኛው ቅርብ እንደ ሆነ መለየት ግን ለሌላ የማይተው የኛ የተማሪዎች ሥራ ነው።