ጥፋቱን ከቤቴ ስፈልግ

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሏል። የእህቴ የትምህርት ማመልከቻ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ኮምፒዩተሬ ከኢንተርኔት አልገናኝ አለ።

እንደ ልማዴ ከቅርቡ ጀመርኩ። ወደ 127.0.0.1 ጥሪ ላክሁ፤ ኮምፒዩተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው። መለሰ። በገመድ ያገናኘሁትን የእጅ ስልኬን ጠራሁ፤ እሱም መለሰ። ከስልኩ ወዲያ ያለውን ስጠራ ግን ዝም። ገመዱን ለወጥሁ፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁ። እህቴ ከኋላዬ ቆማ፣ «ወንድምጋሼ፣ አንተንም አቃተህ?» አለችኝ።

ማታ ቡና ላይ ስንጠያየቅ የጎረቤቱ ስልክ ሁሉ ያው ሆነ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጥሪዎች ከተመለሱልኝ ኮምፒዩተሬን አልወቅስም። ለእህቴ ያመለጣት ቀን ግን በዚህ ብልሃት አይመለስም።