እርጥብ ሣርና የወይራ ዝንጣፊ

በወለጋ አገር እርጥብ ሣር ይዞ ለዕርቅ የመጣን ሰው ከደጅ መመለስ ነውር ነው። በሲሬ የሚኖር አንድ መምህርም ስለ አባታቸው ርስት ከታናሽ ወንድሙ ጋራ ተጣልቶ ሳለ፥ ወንድሙ ሽማግሌዎች አስከትሎ ሣር በእጁ ይዞ መጣ። መምህሩም፦ «እርሱ ቢበድለኝም ይቅር ብያለሁ» ብሎ ሣሩን ተቀበለ፤ ርስቱ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

በዚያ ሰሞን ሶፎክሊስ የሚባለው የግሪክ ባለ ቅኔ ስለ ንጉሥ ኤዲፐስ የደረሰውን ቴአትር አነበበ። በመክፈቻው የቴብስ ሰዎች ቸነፈር ቢፈጃቸው፥ የበግ ጠጕር የተጠመጠመበት የወይራ ዝንጣፊ ይዘው በመሠዊያው አጠገብ ይማጠናሉ። ንጉሡም መልእክተኛ ሳይልክ ራሱ ወጥቶ ልመናቸውን ይሰማል፤ በአገሩ ላይ ርኵሰት ያመጣውንም ሰው ይረግማል። ተመርምሮ ሲገኝ ግን ያ ሰው እርሱ ራሱ ነው።

በአቴና ይህን የመሰለ ቴአትር ይታይ የነበረው ዲዮኒሶስ በሚባለው ጣዖት በዓል ስለ ሆነ፥ ተመልካቹ መሠዊያና መሥዋዕት ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ባለ ቅኔዎቹ የአምልኮን ምልክት ያቀረቡት ለጌጥ ሳይሆን የያዘውን ሰው ልብ ይመረምርበት ዘንድ ነው። ኤስኪለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ዓመት ባሳየው ቴአትር፥ አጋሜምኖን መርከቦቹ ነፋስ ያገኙ ዘንድ ልጁን ኢፊጌንያን እንደ ፍየል ግልገል ወደ መሠዊያ ያስነሣታል። አብርሃምን፦ «እጅህን አትዘርጋ» ያለው ድምፅ በዚያ አይሰማም፤ የጦር ምኞት የመሥዋዕትን ስም ለብሷልና። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1965 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በእንግሊዝኛ ባሳተመው ቴአትር፥ በኦዳ ዛፍ ሥር የበኵር ልጅ ይሠዋ የሚል ትእዛዝ አስነሥቶ ይህንኑ ጥያቄ ወደ አገራችን አምጥቶታል።

መምህሩ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ የርስቱን ውል ከሣጥን አውጥቶ እንደ ገና መረመረ። ድንበሩን ያለፈው እርሱ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ታላቅነቱን ሳያስብ እርጥብ ሣር ቈርጦ በታናሽ ወንድሙ ደጅ ቆመ።